ከረቂቁ የወጣው አንቀጽ

ቲጃኒ በጅማ ከተማ አወቱ መንደራ በሚባል ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያደገ ሰው ነው። አሁን የሚሠራበት የደን ጥበቃ ማኅበር ውስጥ የገባው በችግኝ ጣቢያ ሠራተኝነት ነበር። አፈር በላስቲክ ሲሞላ፣ ውሃ ሲያጠጣ ኖሮ በርቀት ትምህርት ዲግሪውን ያዘ፤ በተቀጠረ በሃያ አንደኛው ዓመቱ የማኅበሩ የአየር ንብረትና ኢነርጂ ፖሊሲ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሥራህ ምንድነው ሲሉት "ሰው ምን ያነዳል፣ ጫካው ምን ቀረው፣ ሕጉስ ምን ይላል? በቃ ይኸው ነው" ይላል።

የክፍሉን ወጣት ባለሙያ ሂንድን ያስቀጠራት እሱ ራሱ ነው። ፈተናዋን አርሞ "ይቺ ልጅ እንዳታመልጠን" ያለው እሱ ነበር። የትኛው ባለሥልጣን ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ የትኛው በስልክ ካልሆነ እንደማይሰማ ሳይቀር አስተምሯታል።

በሂንድ መቅናት የጀመረው ሊሙ ገነት ከተማ ላይ ነው። ማኅበሩ የማገዶ መመሪያ ረቂቅ እንዲያዘጋጅ በዞኑ አስተዳደር ተጠይቆ ስለነበር፣ ሁለቱ ከቡና ጫካ እንጨት እየለቀሙ የሚሸጡ ሴቶችን ሊያነጋግሩ ሄዱ። ቲጃኒ ስለ አየር ንብረት ሰፋ አድርጎ አስረዳ፤ ሴቶቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሂንድ በኦሮምኛ "እርጥብ እንጨት ስታነዱ ዓይናችሁን አያማችሁም?" አለቻቸው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። ሲለያዩ "ሂንድ መቼ ትመለሳለች?" አሉት። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም እሱን እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ይታየው ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈለቀ በስብሰባ ላይ "እስቲ ሂንድ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" ሲሉ ጆሮው ይግላል። ቤቱ ገብቶ ሲያማርር ባለቤቱ ለጢፋ ሳቀችበት።

"ጎበዝ ናት ያልከኝ አንተው አይደለህ?"

"ጎበዝ ናት አልኩ እንጂ ከእኔ ትበልጣለች አልኩ?"

በረቂቁ ውስጥ ሂንድ አራት ወር የለፋችበት አንድ አንቀጽ ነበር። እንጨት መልቀም የሚከለከለው ከቡና ገለባ የሚሠራው ከሰል ቀበሌዎቹ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው ይላል። አቶ ፈለቀ "የሂንድ አንቀጽ" ብለው ሰየሙት፤ ቢሮው በሙሉ በዚያው ስም ጠራው። ረቂቁ ወደ ዞኑ የሚላክ ዕለት ቲጃኒ ብቻውን ተቀምጦ ያን አንቀጽ አጠፋውና ላከው። ሰነዱ አጠር ይበል ብዬ ነው እያለ ራሱን ሸነገለ። ለሂንድ ግን አልነገራትም።

ሰርቦ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ረቂቁ ተነበበ። "ከመጪው ወር ጀምሮ ከቡና ጫካ እንጨት መልቀም የተከለከለ ነው።" አንባቢው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሂንድ ዞር ብላ ቲጃኒን አየችው።

ፈድሊያ የምትባል እንጨት ሻጭ ብድግ አለች። "እሺ፣ እኔ ልተው። ነገ ምን አንድጄ ልጆቼን ላብላ?" ከዚያ ወደ ሂንድ ዞረች። "ጊዜ ይሰጣችኋል ብለሽን አልነበር? ቤቴ ገብተሽ፣ ልጄን አቅፈሽ! ወላሂ፣ አንቺስ ትዋሺናለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

ሂንድ ማስታወሻዋን ከፍታ የፈድሊያን ቅሬታ ጻፈች። አለቃዋን በሰው ፊት ልታጋልጥ አልፈለገችም።

ቲጃኒ በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ይህን ኋላ ላይ ለለጢፋ ሳይደብቅ ነግሯታል። ለአንድ ጊዜ እንኳን ሰው ሂንድን ሲቀየማት አየ። ግን ፈድሊያ ሻርፗን አጣፍታ ወጣች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ሲል ከመቀመጫው ተነሣ።

"ፈድሊያ፣ እህቴ፣ ተመለሺ። አልዋሸችሽም፤ ጽፋው ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?" አለው ሰብሳቢው።

"የእኔ ስላልሆነ" አለ ቲጃኒ።

ፈድሊያ ከበሩ ተመለሰች።

ወደ ጅማ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሂንድ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ "ጋሽ ቲጃኒ፣ ቢነግሩኝ እኮ ስሙን የእርስዎ አደርገው ነበር። እኔ የፈለግኩት አንቀጹ እንዲኖር ነው" አለችው። ከስድብ የባሰ ሆነበት። ሲወርዱ ብቻ "በድዬሻለሁ" አላት።

አቶ ፈለቀ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። አንቀጹ ተመልሶ ገባ። ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ረቂቁን ሂንድ እንድታቀርብ የጠየቀው ቲጃኒ ነው፤ እሱ ከኋላ ከእንጨት ሻጮቹ ጋር ተቀመጠ። ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቡ የነበረችው ፈድሊያ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

"አንተስ?"

ቲጃኒም እጆቹን አነሣና አጨበጨበ፤ ቅናቱ ገና ውስጡን እየከነከነው።