የሚወዛወዝ ሜትር

ዘንጉን የገዛሁት ጨርቅ ልለካበት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ምናለሽ ተራ፣ የተጣለ ዕቃ ሁሉ ዳግመኛ በሚወለድበት የመርካቶ ጥግ፣ ከአሮጌ ራዲዮና ከመጥረጊያ እጀታ መካከል ተጋድሞ አየሁት። ቀጭን ነው፣ ማር ይመስላል፤ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጣብቆ የተሠራ፣ በየስንዝሩ ሐር ክር የተጠመጠመበት። ሻጩም ምን እንደሆነ አያውቅም። «ጋሼ፣ የፈረንጅ ሜትር ነው» አለኝ። እኔ የዕድሜ ልክ ጨርቅ ነጋዴ፣ በሌላው ሰው ውሸት ስስቅ የኖርኩት፣ አመንኩት።

ሱቅ ወስጄ ሳነሣው ጫፉ እንደ ሰካራም ተወዛወዘ። ከመተላለፊያው ማዶ ድስትና ሳህን የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ ሐጂ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ አየኝ።

«የሚወዛወዝ ሜትር! ለአንተ ዓይነት ነጋዴማ ተለክቶ የተሠራ ነው» አለ።

ዓሣ ማጥመጃ መሆኑን በስልኳ ፈልጋ የነገረችኝ ልጄ ናት። እሱም ትል የሚንጠለጠልበት ሳይሆን፣ ከላባና ከክር የተሠራች የውሸት ዝንብ ውሃ ላይ የሚያሳርፉበት ነው። ከዶሮ ተራ የአውራ ዶሮ ላባ ለቅሜ፣ ከሱቄ ሐር ክር መዝዤ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አድርጌ ዝንብ መሥራት ጀመርኩ። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ዝንብ አንሶን ነው?» አለች።

ከሱቆቻችን በላይ ያለው ጣሪያ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል። እሑድ ጠዋት፣ ተሸካሚው ሳይጮኽ፣ የታክሲው ረዳት ሳይጣራ፣ እዚያ ላይ ስወጣ ሰማዩ ከእግሬ ሥር ተኝቶ አገኘዋለሁ። ከጭድ ተራ የነፈሰ ብናኝ በደመናው ላይ ይንሳፈፋል። የበርበሬ በረንዳ ሽታ ከታች ይመጣና አስነጥሶኝ ያልፋል። መንጠቆ የሌላትን ዝንብ እዚያ ደመና ላይ እጥላለሁ፤ ክብ ክብ ሞገድ ይነሣል፤ ሕንፃዎቹ ተገልብጠው ይርገበገባሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ቀርከሃ አይቸኩልም። ሰዎች ምኑ እንደያዘኝ ሲጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትወረውርና ትጠብቃለህ። ምንም አታደርግም። ክሩ ከጀርባህ፣ በማታየው አየር ላይ ተዘርግቶ ሲያልቅ ዘንጉ ራሱ እጅህን ሳብ ያደርገዋል፤ «አሁን» ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ወደ ፊት ብትለቀው ክሩ ተተርትሮ፣ ተተርትሮ፣ ያለ ድምፅ ያርፋል። በጎልማሳነቴ ጣቃ ባንኮኒ ላይ የምወረውረው እንዲሁ ነበር። ጨርቁ አየር ላይ ይፈታና ሴትዮዋ ፊት እንደ እንቅልፍ ይተኛል። ባንኮኒውን ለልጄ ከለቀቅኩ ወዲህ ያ ክንድ ሥራ ፈቶ፣ ከእኔው ጋር አርጅቶ ነበር። ጣሪያው ላይ እሱ ብቻ ወጣት ሆነ። የቀረው አካሌ ደረጃውን እያቃሰተ ይከተለዋል።

ሐጂም አንዳንዴ ወንበሩን ይዞ ይወጣል።

«ዛሬ ምን ያዝክ?»

«ደመና።»

«ስንት ኪሎ?»

እንዲህ ስንል ዓመቱ አለፈና አንድ ቀን፣ መቁጠሪያውን እየጎተተ፣ ሱቁን ለልጆቹ ሊያስረክብ እንደሆነ፣ እሱም ጉራጌ አገር፣ የአባቱ እንሰት ዘንድ ሊመለስ እንደሆነ ነገረኝ። ክሬ ጀርባዬ ላይ ወደቀ።

ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሰዳደብ ጸጉራችን የሸበተ ሰዎች ነን። በለቅሶ፣ በሠርግ ተለያይተን አናውቅም። ሥጋ ግን ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም። በእሱ ዒድ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ይታረዳል፤ በእኔ ልጅ ሠርግ የሙስሊሙ ድስት ለብቻ ተጥዷል። ማንም አልተቀየመም፤ ወጉ ነው። ግን ሊሄድ ነው ሲባል፣ አንዲት ቀን እጃችን አንድ ሳህን ላይ ሳይገናኝ ሊለየኝ መሆኑ ከነከነኝ።

ዓሣ ደግሞ አይታረድም። የእኔም የእሱም አይደለም፤ የውሃ ነው።

ዓሣ ቤት ሞልቶ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬው ነበር። «ዘይቱ ትናንት ምን እንደጠበሰ በምን ታውቃለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ፣ ደመና እንጂ ዓሣ ይዤ የማላውቀው እኔ፣ «በገዛ እጄ ይዤ አበላሃለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ሐጂ አልሳቀም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። የልጁ የጭነት መኪና ዕቃ ይዛ ወደ ባሌ ስትሄድ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቀን ሄድን። እዚያ ተራራ ላይ፣ በድሮ ጊዜ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ፣ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ።

በማግስቱ ጠዋት የማጥመጃውን ፈቃድ ከፍለን ወንዙ ዳር ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ውሃው ሲናገር ይሰማል፣ አይታይም። ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ሲሰበሰብ ከሥሩ የጣሪያዬን ሰማይ አገኘሁት፤ ያው ደመና፣ ግን የሚሄድ። ወረወርኩ። ጠበቅኩ። ዘንጉ «አሁን» አለኝ። ለዛሬ መንጠቆ ያሠርኩባት ዝንብ አረፈች፣ ተንሳፈፈች፣ አንድ ጥላ ከድንጋይ ሥር ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ።

እኔ ደንበኛ በር ላይ ሲያመነታ እጅጌውን ይዤ የምጎትት የመርካቶ ሰው ነኝ። ጎተትኩ። ዓሣው አፉን እንኳ አልከፈተም። ዝንቧ ከውሃ ተስፈንጥራ የራሴ ባርኔጣ ላይ ተሰካች።

«ዕድሜ ልክህን እንዲሁ ነህ!» ሐጂ ከሳቁ የተነሣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሰውየው ገና ሳይገባ እጅጌውን! ይግባ እንጂ። ዕቃውን ይንካ። ዋጋ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ ነው።»

እሱ ደንበኛ ጠርቶ አያውቅም። መቁጠሪያውን እየቆጠረ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውም ይገባለታል። ስቀናበት ኖሬያለሁ።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትወጣ ሌላ ዓሣ አልመጣም። ሹፌሩ መመለስ አለብን እያለ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ። ለመጨረሻ ጊዜ ወረወርኩ፤ ሐጂም ትከሻዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ገባ» አለ በሹክሹክታ።

እጄ ሊጎትት ተነሣ።

«ቆይ... ዕቃውን ነካ። ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ!... ዋጋ ጠየቀ!»

ዘንጉን አነሣሁ። ቀርከሃው ጎበጠ፤ የዚያ የማይታይ ፍጡር ልብ በዘንጉ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ክርኔ ላይ መታ። ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። የጎተተው እኔ ልሁን ዓሣው፣ አሁንም አላውቅም። ሣሩ ላይ ሲወጣ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም።

«በል ሜትርህ ይለካው» አለ ሐጂ።

ሹፌሩ እያጉረመረመ እሳት አነደደልን። ሐጂ ወደ መኪናው ሄደና ከመቀመጫው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ መጥበሻ ነው፣ ከሱቁ፣ አዲስ።

«የማንም ሥጋ አልነካትም» አለ። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ቃል ሳይነግረኝ ይዟት መጥቷል። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

የዋጋዋን ወረቀት መላጥ ግን ረስቷል። ከመጥበሻዋ ሥር ተቃጠለ።

«እንዴት ነው?» አለኝ ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ።

«ሙጫ ሙጫ ይላል።»

«የእኔም።»

ሁለት የመርካቶ ለፍላፊዎች አጥንቱን ፈርተን ዝም ብለን በላን። ጣቶቻችን መጥበሻው ላይ ይጋጩ ነበር። የመጨረሻዋን ቁራሽ እኔም አልነካኋት፣ እሱም። ከዚያ አጥንቷን አንድ በአንድ ነቅሶ ወደ እኔ ገፋት።

«ብላ፤ ዓይንህ እሾህ አያይም።»

ዘንጉ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ነፋስ አልነበረም፤ ጫፉ ግን ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።