በሩ የጠበበ ልብ

ሮማነወርቅ ወልደ ኢየሱስ ቀበና በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ ታስተምር ነበር፤ እኔ ሒሳብ። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን አስተምረናል። በቅርብ የማያውቋት ዝምተኛና ኩሩ ናት ይሏት ነበር። ዝምተኛ አልነበረችም፤ ትንፋሽ ትቆጥብ ነበር።

በየዓመቱ ስለ ደም ዝውውር የምታስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ከፈዬራ ሥጋ ቤት የበሬ ልብ ታመጣለች። መጀመሪያ ጊዜ ፈዬራ «ለድመት ነው ቲቸር?» ብሎ ሲጠይቃት «አይ፣ ለስምንተኛ ክፍል» ብላው ሆዱን ይዞ እንደሳቀ ነግራኛለች። ልቡን ጋዜጣ ላይ አስቀምጣ በምላጭ ትከፍተዋለች። የእኔ ክፍል ከእሷ ቀጥሎ ስለነበረ ድምጿ በጣውላው ግድግዳ አልፎ ይመጣል፤ ሳልፈልግ ትምህርቱን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«አራት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ሰውነታችን አየሩን የወሰደበት ደም በደም መልስ በኩል ወደ ቀኙ ይገባል። ቀኙ ወደ ሳንባ ይገፋዋል። ሳንባ ውስጥ አዲስ አየር ይዞ በግራ በኩል ይመለሳል። ግራው ደግሞ በደም ቅዳ ከአናታችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ይረጨዋል። አንዱን ዙር ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።»

ከዚያ የሁለቱን ግድግዳ ታስነካቸዋለች። ቀኙ አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ብቻ ስለሚገፋ ቀጭን ነው፤ ግራው ወፍራም። አንድ ጊዜ ከወጣቶች ማኅበር የሆነ ተማሪ «ግራው ያሸንፋል!» ብሎ ጮኸና ክፍሉ አጨበጨበ። እሷ ጸጥ እስኪሉ ጠበቀችና የተከፈተው ልብ ውስጥ በጣሳ ውሃ አፈሰሰች።

«በሮቹን ተመልከቱ። ደም ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታሉ፤ ልብ ሲጨመቅ ይዘጋሉ። ወደ ኋላ መመለስ የለም። በሩ ከተበላሸ ግን ሌላው ሁሉ ደኅና ቢሆንም ዋጋ የለውም።»

ስለ ራሷ እንደምታወራ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የተወለደችው እንጦጦ ላይ፣ ገብስና ድንች ከሚያርሱ ሰዎች ቤት ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ጉሮሮዋን ሲያማት እናቷ እማማ ፈትለወርቅ እንጥሏን አስቆረጧት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ጠበል ገባች፣ እብጠቱ ጠፋ፣ ቤተሰቡ ስለቱን አስገባ። ከሰባት ዓመት በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ልትገባ ስትመረመር ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ደጋግሞ አደረገ። የጉሮሮው ሕመም ያመጣው ትኩሳት በግራ በኩል ባለው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለውን በር አቁስሎት፣ ቁስሉም ሲደርቅ አጣብቆት ኖሯል። «ያኔ ፔኒሲሊን ተወግተሽ ቢሆን እዚህ አትደርሺም ነበር» አላት።

ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«አሳየች፣ ክሊኒኩ የት እንደነበረ ታውቂያለሽ? እንጨት ተሸክመን ስንወርድ በየቀኑ በበሩ ነበር የምናልፈው።»

በ1973 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ቀበሌያችን ነዋሪው በሙሉ እሑድ እንጦጦ ወጥቶ ችግኝ እንዲተክል አዘዘ። ሮማነወርቅ የሐኪም ወረቀቷን ይዛ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ፀሐዬ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዳገት እንዳልወጣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ወረቀቱን አንብቦ ገለበጠና ጀርባውን አየ። «የልብ ሕመም ይላል። ልብ የሌለው ማን አለ? በእግርሽ እየሄድሽ ታስተምሪ የለም?»

«ሜዳ ላይ እሄዳለሁ።»

«እኔ የማስበው ለአንቺ ነው። የወንድምሽ ጉዳይ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ሲጠፋ ሰው ምን ይላል?»

ወንድሟ ዳንኤል በ1970 ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔም አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ጴንጤ መሆኔን ፀሐዬ ያውቃል፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እንደምንሰበሰብም ይጠረጥራል። ይህን የምናገረው ለራሴ ማምለጫ እንዲሆነኝ አይደለም።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አባራ። መንገዱ ግን ጭቃ ነበር። የእሷን ችግኞች ከእኔ ጋር ደርቤ ያዝኩላት። ገና ባሕር ዛፉ ውስጥ ሳንገባ ቆመች።

«ልቤ ሲፈጥን በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ያጥራል» አለችኝ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስረዳ ሁሉ። «ደሙ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባዬ ይመለሳል።»

«እንመለስ በቃ።»

«ስም ይጠራል እኮ፣ ላይ።»

ላይ ስትደርስ ስሟ ተጠራ፤ «አቤት» አለች። ከዚያ ማሳል ጀመረች። ነጠላዋን ከአፏ ስታነሳ ሮዝ አረፋ አየሁበት። ሴቶች ከበቧት፤ አንዷ ጋቢ አነጠፈችና ሊያስተኟት ያዟት። ክንዴን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ።

«አታስተኙኝ! ብተኛ እሞታለሁ። አስቀምጭኝ... እግሬን ወደ ቁልቁለቱ አድርጊው። ደሙ እግሬ ላይ ይቆይ፤ ወደ ላይ አይምጣብኝ።»

ከዛፍ አስደግፌ አስቀመጥኳት፤ እግሮቿን ተዳፋቱ ላይ ዘረጋሁ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ላንድሮቨር አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ወደ ፀሐዬ ሮጥኩ።

«ለክብር እንግዳው የመጣ መኪና ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ንግግሩ ሲያልቅ ይወስዳታል።»

ንግግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እንግዳው ደን የከተማችን ሳንባ መሆኑን አስረዳ፤ ሰዉ አጨበጨበ። እሷ ዓይኗን ጨፍና በአጭር በአጭሩ ትተነፍሳለች። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት፤ እጄ እስኪደነዝዝ።

ያን ቀን አልሞተችም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ በአቀማመጧ እንደተረፈች ነገሩኝ። ካገገመች በኋላ በሩን በቀዶ ሕክምና ማስፋት እንደሚቻል፣ ግን ውጭ አገር መሄድ እንዳለባት ለሕክምና ቦርድ ጻፉላት። ቦርዱ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀ። ፀሐዬ ጻፈ፤ «በልማት ዘመቻ ያላት ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ጨመረበት። ፋይሉ ተመለሰ። እንደገና አስጻፍን፤ ማኅተሙ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። እንዲህ እየሆነ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።

ጥር 1975፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጠመኔው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ እዚያው ቀረች። ጠባቡን በር ማለፍ አቅቶት የላይኛው ክፍል ውስጥ የተኛ ደም ረግቶ ኖሯል። ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎሏ ሄደ። ቀኝ ጎኗ ሽባ ሆነ፤ አንደበቷም ተዘጋ። የቀራት ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ «አይ»። ውሃ ስትፈልግም «አይ»፣ ስትጠግብም «አይ»። ሁሉንም ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ ዓይኗ ይናገራል። ተማሪዎቿ ሊጠይቋት መጥተው ተራ በተራ ሲያለቅሱ፣ ግራ እጇን እያወዛወዘች «አይ፣ አይ» አለቻቸው። አታልቅሱ ማለቷ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

እማማ ፈትለወርቅ ከእንጦጦ ወርደው ያስታምሟት ጀመር። አንድ ቀን ፀሐዬ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጓድ ሮማነወርቅ፣ ደብዳቤሽን አሁን አስተካክለን እንጽፍልሻለን። ደስ አይልሽም?»

«አይ» አለች።

ወደ እኔ ዞሮ «ምን ማለቷ ነው?» አለ።

«አይ ማለቷ ነዋ» አልኩት። በእነዚያ ዓመታት ለእሱ የመለስኩለት ደፋር መልስ ይኸው ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚቀበላት አገር እንደሌለ ነገሩን። ነሐሴ ላይ እግሯ፣ ከዚያ ሆዷ አበጠ። ደሙ ከሳንባዋ አልፎ በቀኙ በኩል ወደ ኋላ መከማቸቱ መሆኑን እሷ ታውቃለች፤ በግራ እጇ እግሯን ጫን አድርጋ የጣቷን ጉድጓድ ስታየው አገኘኋት። ሆዷ ባበጠ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ትራስ ተደግፋ እንደተቀመጠች አረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ጸሐፊ መጣ። የስኳርና የሳሙና መግዣ ካርዷን እንድንመልስና ቤቱን እንድናስረክብ ነገረን፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። እማማ ፈትለወርቅ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። «የሟችን ንብረት በሙሉ ተረክበናል» ከሚለው በታች ፈረምኩ። እሳቸው ፍራሹን አህያ ላይ አስጭነው ዳገቱን ወጡ። እኔ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ መስከረም እየደረሰ ስለነበረ ምዝገባ ነበረብን።