ማኅተም የጠየቁት መራጭ

ሽማግሌው ለዳላስ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ሲመጡ፣ በግንቦት ሙቀት የሱፍ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነበር። ድምፅ ሰጥተው ሲያበቁ ግን አልወጡም።

«ልጄ፣ ይቺን አስመራጭ መምረጤን ጽፋ ማኅተም ታድርግልኝ በልልኝ» አሉኝ፣ ከኋላቸው ለተሰለፍኩት። ድምፃቸው እንደ ላላ የክራር ጅማት ይርገበገባል።

በእንግሊዝኛ ስነግራት፣ አስመራጯ ፈገግ ብላ ደረታቸው ላይ «መርጫለሁ» የሚል ስቲከር ለጠፈችላቸው።

«አባባ፣ እዚህ አገር ባይመርጡም ማንም አይጠይቅዎትም» አልኳቸው።

«በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስኳር እንዳይከለክለኝ ነበር የምመርጠው። ዛሬ የመረጥኩት ባለቤቴን መኪና የገደለብኝ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት እንዲተክሉልን ነው። የምክር ቤቱ ሰዎች ሰፈራችሁ መቼ መረጠን ቢሉኝ ምን ላሳያቸው?»

እንደነገሩኝ፣ ከሰፈራቸው አፓርታማዎች ሁሉ ሊመርጡ የመጡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲወጡ፣ ከምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን ያንኑ መንገድ ለመሻገር እጃቸውን አንስተው መኪኖቹን ሲለምኑ አየኋቸው። አንዱም አልቆመላቸውም።