የሕያው ሰው ቀበቶ

ልጅ እያለሁ ከጅብ ጩኸት ይልቅ የምፈራው ነጭ ቀበቶ ነበር። የምንኖረው ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ፣ ከጦር ካምፑ አጥር ጀርባ፣ የወታደር ቤተሰቦች ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ የባሕር ዛፍ ጭስና የጫማ ቀለም ይሸታል። ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት የካምፑ በር ሲጢጥ ካለ፣ ቀበቶው በቀን እንደማይመጣ እያወቅንም፣ አንድ እግራችንን እንዳነሣን ቀጥ እንል ነበር።

አባቴ አስር አለቃ ታደሰ ያገለግልበት የነበረው እግረኛ ሻለቃ ጦር ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ያሳደገና ያሰናበተ አሮጌ ጦር ነው። የራሱ ሥርዓት ነበረው። እያንዳንዱ ወታደር ለሰልፍ ብቻ የሚታጠቀው ነጭ የሸራ ቀበቶ አለው። ጡረታ የሚወጣ ሰው ቀበቶውን ለአዲስ ምልምል ያስረክባል፤ በውስጥ በኩል የቀደሙት ባለቤቶች ስም በቀለም ተጽፎበታል። አባቴ ከሰልፍ በፊት ጠመኔ በውሃ በጥብጦ ሲያነጣው እነዚያን ስሞች እንዳይነካ ይጠነቀቅ ነበር።

ጦሩ ሲዘምት ቀበቶዎቹ ሁሉ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ። የሞተ ሰው ቀበቶ ግን ለማንም አይተላለፍም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሻምበል ባሻ ወልዴ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በሁለት መዳፋቸው ዘርግተው ወደ ቤተሰቡ ይወስዱታል። መርዶው እሱ ነው፤ ሌላ ቃል አይጨመርበትም። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይነጣም። እየቆየ ቢጫ ይሆናል። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ግድግዳ ላይ አንድ ነበር። ወንፊት ልዋስ ስላክ ፊቴን አዙሬ ነበር የምገባው።

አባቴ ወደ ጠረፍ ከዘመተ ወዲህ ንጋት ላይ ቀድሜ እነቃለሁ። እናቴም ነቅታ እንደሆነ ከአተነፋፈሷ አውቃለሁ፤ ግን አንነጋገርም። ውጭ የሰው ኮቴ ከተሰማ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። በራችንን አልፎ ሲሄድ እናቴ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች።

አንድ ቀን ለምሳ መጥቼ ሽሮዬን ስበላ በራችን ተንኳኳ። የማናውቀው ወጣት ወታደር ነው። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«የአስር አለቃ ታደሰ ቤት ነው?»

«ነው» አለች እናቴ።

«እንኩ፣ የእሳቸው ንብረት ነው» ብሎ ሰጥቷት ሄደ።

ጋዜጣውን ስትገልጠው ነጩ ቀበቶ ነበር። እትዬ ብርቄ ከደጃፏ አይታ ኖሮ እጇን በራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ስትል እናቴ አፏን በእጇ ያዘችው።

«ዝም በይ ብርቄ! በጠራራ ፀሐይ ነው ያመጣው። ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ሻምበል ባሻ ራሳቸው ካልነገሩኝ አላለቅስም።»

ቀበቶውን ይዛ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ካምፑ ሄደች። እኔም ጫፉን ይዤ ተከተልኳት። በየደጁ የቆሙት ሴቶች ቀበቶውን ሲያዩ ሰላምታ አልሰጡንም፤ ወደ መሬት አዩ። በሩ ላይ ያለው ዘብ «እትዬ፣ ዛሬ ጠያቂ አይገባም» ሊል ጀምሮ፣ እጇን ሲያይ አቋርጦ ወደ ውስጥ ገባ። አጥሩን ተደግፈን ጠበቅን። እናቴ ዘለበቱን አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቿ ደም የሌላቸው መስለው ነበር። 

ሻምበል ባሻ ኮታቸውን እየቆለፉ መጡ። ቀበቶውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«አንድ ልጅ አመጣው። ባሌ የት ነው?»

«ደህና ነው! ወደ ሌላ ሻለቃ ተዛውሮ ነው፤ ትናንት በሬዲዮ ሰምተናል። ይሄ የተረገመ ልጅ ግምጃ ቤት ሊያግዘኝ ከሌላ ጦር ነው የመጣው። እነሱ ዘንድ የተዛወረ ሰው ዕቃ ወደ ቤቱ ይላካል አሉ። ጠይቀኝ አላልኩትም ወይ!» እያሉ ወደ ካምፑ ዞረው ጮኹ።

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀበቶውን ዘረጋችላቸው። «እንግዲያው ይውሰዱት።»

ሻምበል ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። «አይሆንም ልጄ። አንዴ ከግምጃ ቤት ከወጣ አይመለስም። እኔ አይደለሁም የደነገግኩት።»

«በሕይወት ያለ ሰው ቀበቶ እኔ ቤት ምን ሊሠራ?»

«እሱን አላውቅም። አጋጥሞን አያውቅም።»

እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በየቅዳሜው አውርዳ ጠመኔ ትቀባዋለች። እትዬ ብርቄ «አንቺ፣ ባልሽ ሠርግ ነው እንዴ የሄደው?» እያለች ታሾፍባት ነበር። እናቴ ጠመኔውን መበጥበጧን ትቀጥላለች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ቢጫ ነገር እንዳይኖርበት አየዋለሁ። ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲረጥብ ጠርዙ ወየበ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ጠመኔ በኪሴ ይዤ መጣሁ።

አባቴ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከስቶ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሰልፍ ካለ ብዬ ነው» አለች እናቴ፣ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ እያቀረበች።

አሁን የምኖረው ቤቴል ነው። ያ ሰፈር ፎቅ ሆኗል፤ በዚያ ሳልፍ የታክሲው ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ሲል ብቻ ነው የምሰማው። የልጄ ልጅ እግረኛ ወታደር ነው፤ ያለበትን ቦታ አይነግረንም። ያኔ ክፉ ወሬ የሚመጣበት በርም ሰዓትም ይታወቅ ነበር። ፀሐይ ከወጣች ያ ቀን የእኛ ነበር። አሁን ስልኩ ከጎኔ አይለይም፤ ሲጮህም ዝም ሲልም ያው ነው።

ትናንት ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«ሄሎ እማማ! እኔ ነኝ! ከጓደኛዬ ስልክ ነው። ሄሎ! አትሰሚኝም እንዴ?»

ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

«ኔትወርኩ ነው ልጄ» አልኩት።