በሁለት እንጨት ያጎረስኩ ዕለት

በረዶ ላይ ለመንሸራተት ጃፓን ድረስ እንደምሄድ ስነግራት እናቴ ኦክላንድ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና አየችኝ።

«እዚህ በረዶ የለም?»

«አለ እማዬ። የእነሱ ይለያል አሉ።»

«አንተ ልጅ፣ ሁለት እግርህን ጣውላ ላይ አስረህ ገደል መውረድህ ሳያንስ ባሕር ተሻግረህ ደግሞ!» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ማን ቤት እንደምናርፍ ጠየቀችኝ። የጓደኛዬ አያት ቤት እንደሆነና ሽማግሌው ሚስታቸው ዓምና እንደሞቱባቸው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጠረችልኝ። ስወጣም በር ላይ፣ «ሐዘን ቤት ነው የምትገባው። ዝም ብለህ እንዳትበላ፤ አጉርስ» አለችኝ።

ጊዜው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ጓደኛዬ ከጃፓናዊት እናት የተወለደ የሳን ሆዜ ልጅ ነው፤ የተዋወቅነውም እዚያው ሳን ሆዜ፣ ኮምፒዩተር በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ መኪናው ታሆ ተራራ ድረስ እየወሰደ ስኖውቦርድ፣ በአንድ ጣውላ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወስጄ ሽሮ አስለመድኩት። መጀመሪያ ሳጎርሰው አንገቱን እንደ ዔሊ ይሰበስብ ነበር፤ በኋላ ግን ገና እጄን ሳነሳ አፉን የሚከፍት ሆነ። ጃፓንኛ ሲሰማ ይገባዋል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣለት። ልክ ኦክላንድ እንደተወለዱት የእኛ ሠፈር ልጆች።

እኔ የሄድኩት ለበረዶው ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞት ነበር። ሴት አያቱ ሲሞቱ ሥርዓቱ ላይ አልነበረም፤ እናቱ ብቻዋን ነበር የበረረችው፣ ተመልሳም ብዙ አላወራችም። «አያቴ ስለ እሷ ቢያወሩኝ» አለኝ አውሮፕላን ውስጥ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አያቱ የሚኖሩባትን የሰሜን ጃፓን ደሴት፣ የሆካይዶን በረዶ እንዴት ልንገራችሁ። የታሆ በረዶ እርጥብ ነው፣ እንደ ሊጥ እግር ይይዛል። ይኼኛው አሁን ከወፍጮ የወጣ የጤፍ ዱቄት ነው፣ እፍ ብትሉት ይበናል። በነጫጭ ዛፎች መሀል እስከ ወገቤ ሰጥሜ ስወርድ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። ግጥም ልጽፍለት ስሞክር አማርኛዬ አንድ ቃል ብቻ አቀበለኝ፤ ቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውም፣ መጠጥ ውስጥ የሚንሳፈፈውም፣ ይኼም፣ ያው በረዶ ነው።

ወደ ላይ የሚያወጣን ሊፍት በሽቦ ገመድ ላይ የሚሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ወንበር ነበር። ወንበሩ በመጣ ቁጥር አንድ ሠራተኛ በረዶውን በመጥረጊያ ይጠርግና ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። እኔም ጎንበስ እላለሁ። እሱም ይደግማል። ጓደኛዬ ከፊቴ ካለው ወንበር ዞሮ፣ «ይበቃል፣ ሙሽራ አይደለህም!» እያለ ይጮኽብኛል። አንዳንድ ቁልቁለቶች ላይ እንደኛ ያለ ሰው አይፈቀድም፤ ባለ አንድ ጣውላ ማለቴ ነው፣ ጥቁር ማለቴ አይደለም። ጥቁርነቴንማ ቆመው ነበር የሚያዩት። አንዲት አሮጊት በስኪ፣ በየእግሩ በሚታሰረው ጣውላ፣ ቁልቁል እየመጡ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ከኪሳቸው መንደሪን አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ሄዱ።

ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ነበር። አያቱ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። እርጥብ ጫማችንን ምድጃ አጠገብ ያደርቁልናል፣ ሩዝ ይሞሉልናል፣ ስለ ሚስታቸው ግን ቃል አይተነፍሱም። የሟቿ ፎቶ ትንሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ፊት ለፊቱ ሁልጊዜ ለሟቿ የቀረበ አንድ ስኒ ሩዝ አለ። የእናቴን ዳቦ ቆሎ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው እዚያው አስቀመጡት። ጓደኛዬ በየእራቱ አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን እራት ላይ የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ። ጠረጴዛው መሀል ዓሣ፣ ጎመንና ድንች ያለበት ድስት ይፈላል። ሽማግሌውን ለማጉረስ አልደፈርኩም፤ በጓደኛዬ ልጀምር አልኩ። በእጅ መንካቱ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ እነሱ በሚበሉባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች፣ አያያዙን አሳምሬ፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ አነሣሁና «እንካ» አልኩት። አያቱ ፊት አፉን መክፈት አፈረና በራሱ እንጨቶች ሊቀበለኝ ዘረጋ። ዓሣው በአራት እንጨቶች መሀል ተንጠለጠለ።

አያቱ ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ዓሣው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ተነሡ፣ ኮታቸውን ደረቡ፣ ወጡ። ወዲያው ውጭ አካፋ በረዶ ሲዝቅ ተሰማን።

«ምን አሉ?»

«አጥንት» አለኝ ጓደኛዬ። «አጥንት ያሉ መሰለኝ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ሳደርግ እናቴ እጄን መታኛለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

«ልውጣና ይቅርታ ልጠይቃቸው?»

«በምን ቋንቋ?»

ሲመለሱ ትከሻቸው ላይ በረዶ ነበር። ተቀመጡና፣ የልጅ ልጃቸውን እያዩ፣ ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ። ጓደኛዬ እየተከተለ ይተረጉምልኛል። እዚያ አገር አስከሬን ይቃጠላል። ከዚያ ቤተሰቡ አጥንቱን ከአመዱ ውስጥ በእንጨት እየለቀመ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተቀባበለ፣ ማሰሮ ውስጥ ያኖረዋል። ማዕድ ላይ ማንም እንደዚያ የማይቀባበለው ለዚህ ነው። ዓምና እሳቸው ለልጃቸው፣ ለጓደኛዬ እናት፣ እሷም ለእሳቸው ሲያቀብሉ የዋሉት የሚስታቸውን አጥንት ነበር።

«ያንተ እጅ ጎድሎ ነበር» አሉት።

ከዚያ በኋላም ብዙ አወሩ፤ ጓደኛዬ ግን እዚያ ላይ መተርጎም አቆመ። ድስቱ መፍላቱን ቀጠለ።

በመጨረሻ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ምን ማድረጉ ነበር ይላሉ።»

«እኛ ጋ የምትወደውን ሰው ታጎርሳለህ በላቸው። ያዘነን ሰው ደግሞ ብቻውን እንዲበላ አንተወውም።»

በተሰባበረ ጃፓንኛው ነገራቸው፣ ግማሹን በእጁ። ሽማግሌው እንጨቶቹን አንሥተው ጥያቄ ባለው ዓይን አሳዩኝ። ራሴን ነቅንቄ ባዶ እጄን አሳየኋቸው። አሰብ አደረጉና ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ተመልሰው ከድስቱ ድንች አወጡ፣ እፍ እፍ ብለው አበረዱት፣ በጣታቸው ይዘው ለልጅ ልጃቸው ዘረጉለት። ከፈተ። አንድ ነገር ሲሉት እያኘከ፣ ሳቅም ለቅሶም በማይለይ ድምፅ፣ «ከተወለድክ ጀምሮ አፍህ ትልቅ ነው ትል ነበር አያትህ፣ አሉኝ» አለኝ።

ቀጥሎ ለእኔ ዘረጉ። ድንቹ ምላሴን አቃጠለኝ፣ ግን ዋጥኩት።

በማግስቱ ሊፍቱ ላይ ጓደኛዬ ከፊቴ ነበር። ከሠራተኛው ጋር ሦስት ጊዜ እጅ ስንነሣሣ እንኳን ዞሮ አልጮኸብኝም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወንበሩ ለአንድ ሰው ነው፣ ልደርስበት አልቻልኩም። ተራራው አናት ላይ ስደርስ በረዶው ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።

«ጉም ያዘው» አለኝ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

«የእኔንም» አልኩትና አጠገቡ ተቀምጬ እግሬን ጣውላዬ ላይ አሰርኩ።