ጣቢታና የመስታወት ቤቱ አበቦች

እንደኔ ያለ ፊደል በቅጡ ያለየ ሰው ብዕር ሲያነሳ ድፍረት ነውና ይቅር በሉኝ። የጣቢታን ነገር የሚጽፍ ባጣ ነው፤ ቢንጋደድባችሁም እሷን አስባችሁ እለፉት።

ጣቢታ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሻየር፣ በእመቤቲቱ በሌዲ አርሚንታ ርስት ላይ፣ የመስታወት ቤቱን እሳት የምታነድ ሴት ነበረች። ቤቱን ያሠሩት የሌዲዋ ባል አያት ናቸው፤ ካሜሊያ የሚባሉትን አበቦች ከቻይና አስመጥተው፣ ብርድ እንዳይነካብኝ ብለው። ጣቢታ ምድጃውን ከሟች ባሏ ወረሰች፤ ከጀርባው ያለችውን ጎጆም አብራ። እሳት የሚያነድ ሰው ይኖርባታል፣ ሌላ አይኖርባትም።

አበቦቹ ግን ውርጭ በመጣ ቁጥር እንቡጣቸውን ያረግፋሉ። አትክልተኛው ሚስተር ክራዶክ "በርዷቸው ነው! ጨምሪበት!" ይላሉ። እሷም ትጨምራለች።

ኋላ ጦርነት መጣና ምድጃው የሚበላው የድንጋይ ከሰል ሁሉ ለጦር መርከቦች ሄደ። ሌዲዋ አስጠሯት።

"ጣቢታ፣ አበቦቹ ከሞቱ ቤቱን አፍርሼ ብረቱን ለመንግሥት እሰጣለሁ።"

"ጎጆዬስ እሜቴ?"

ሌዲዋ ወደ ደብዳቤያቸው ተመለሱ።

በዚያው ሰሞን ምድጃው ጠፍቶ ሳለ ውርጩ መስታወቱን አለበሰው። ጣቢታ ጨነቃትና የገዛ ብርድ ልብሷን ለአንዱ የአበባ ዛፍ ደረበችለት።

"ባልሽን እንኳ እንዲህ አልሸፈንሽው!" አሏት ክራዶክ።

"ባሌ ያንኮራፋ ነበራ! ይኼ ጨዋ ነው።"

አንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት ቤቱ ከዳር እስከ ዳር በአበባ ቀልቶ ጠበቃት። እንቡጡን ያረገፈው ያ ብርድ ልብስ የደረበችለት ዛፍ ብቻ ነው! ጩኸቷን ሰምተው ክራዶክ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ።

"ጉድ ፈላ! ለካ ዕድሜ ልካችንን ስንቀቅላቸው ኖረናል!"

ጣቢታ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ቀዝቀዝ አለች። ሌዲዋ ሲመጡ አንገቷን ደፍታ፣ "እሳት ካላሻቸው እንግዲህ እኔም አላስፈልግም፣ እሜቴ" አለች።

ሌዲዋ አንድ አበባ ቀጥፈው ጸጉሯ ላይ ሰኩላት። "አንቺ ሞኝ! እያነደድሽ ስታረግፊብን ያላስወጣንሽን፣ ዛሬ ሲያብብልን ልናስወጣሽ? በይ አሁን ሥራሽ ጥበቃ ነው። ክራዶክ ከሰል ይዞ ከመጣ በሩን ዝጊበት!"

በማግስቱ ጠዋት ጣቢታ እንደ ልማዷ አካፋዋን ይዛ ወደ ምድጃው ወረደች። አፉ ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ። ተመልሳ ሄደችና ጭድ አምጥታ ጎዘጎዘችበት፤ የታቀፈች ዶሮዋንም ከነእንቁላሏ ምድጃው ውስጥ አስቀመጠቻት።