«እኔ»ን የሚቆጥር መቁጠሪያ

አያቴ ሰባኪ ሲሰማ ሰውየው «እኔ» ባለ ቁጥር አንዲት የመቁጠሪያ ፍሬ ያሳልፍ ነበር። መቁጠሪያው ዞሮ ካለቀ፣ «ተነሽ እንሂድ ልጄ፤ ይኼ ለጌታ ቦታ አልተወለትም» ይለኛል።

ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ። ባለፈው ሰሞን አዘዞ አንድ «ባሕታዊ» የሙታንን ድምፅ ያሰማል ሲሉኝ ሄድሁ። ምን ላድርግ፣ ናፍቆኛል!

«አያትሽን እኔ አናግሬዋለሁ። እኔን ስሚ፤ ያለ እኔ አታገኚውም» አለኝ። መቁጠሪያው እጄ ላይ ነበር፤ ጣቴ ፍሬውን ሲገፋ ተሰማኝ። ዞሮ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፤ ጥዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ አያቴ ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ድምፁ አልመጣም። እሱ ያለው ክርስቶስ እጅ ነው፤ አገናኝ አልፈልግም። እንደ ድሯችን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመርሁ። ድሮ በየተራ ነበር የምንለው። አሁን የእሱንም ተራ እኔው አልሁለት።